ከአዲስ አበባ ሂልተን እስከ ደለስ አየር ማረፊያ

አዲስ አገር የገባ ሰው አስቀድሞ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «በአገርህ ሥራህ ምን ነበር?» የሚል ነው። በኡልፓን ይጠየቃል፣ ሥራ ፍለጋ በሚሄድበት ቢሮ ይጠየቃል፣ ጎረቤትም ይጠይቀዋል። መልሱን ከሰጠ በኋላ ግን የሚያገኘው ሥራ ብዙውን ጊዜ ከመልሱ ጋር አይገናኝም። ሸማኔው ዘበኛ ይሆናል፤ መምህሩ ፋብሪካ ይገባል፤ ሸክላ ሠሪዋ ቢሮ ታጸዳለች። ልጆችም አባታቸውንና እናታቸውን የሚያውቋቸው ዛሬ በሚሠሩት ሥራ ብቻ ይሆናል። ታዲያ ያ በእጃቸው የነበረው ሙያ የት ገባ? ሞተ ወይስ ተኛ?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ እንወስዳችኋለን። ብዙዎቻችን በዚያች ከተማ ዘመድ ወይም የቀድሞ የሰፈር ሰው አለን። የምናሳያችሁ ግን ዋይት ሐውስን ወይም ትልልቁን ሐውልት አይደለም። የምንሄደው ፒያኖ ተጫዋቾች ወዳደጉበት አንድ መንገድ፣ ከዚያም የታክሲ ተራ ወደሚጠበቅበት አንድ ሜዳ ነው። ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኛቸው የአቶ ኃይሉ መርጊያ ሕይወት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ

የዋሽንግተን መንገዶች አብዛኞቹ የሚጠሩት በፊደልና በቁጥር ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ፊደል፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ እንግዳ ሰው እንኳ ፊደልና ቁጥር ከለየ ብዙም አይጠፋም። «ዩ ስትሪት» በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ የወረደ መንገደኛ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ቢራመድ ዘጠነኛውን መንገድ ያገኛል። እዚያ ሲደርስ የአማርኛ ጽሑፍ ከመስኮት ላይ ያነባል፣ የሚቆላ ቡና ይሸተዋል፣ እንጀራ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች ያያል። ሰዎቹ አካባቢውን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይሉታል።

ኢትዮጵያውያን ወደ ዋሽንግተን በብዛት የገቡት ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱት አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ አሥራ ስምንተኛው መንገድ ላይ ነበር። እዚያ ኪራዩ ሲወደድባቸው ብዙዎቹ ወደ ዩ ስትሪት ተሻገሩ። ኋላ ደግሞ ዩ ስትሪትም ሲወደድ ከከተማው ወጥተው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ የሄዱት ጥቂት አይደሉም። ስደተኛ ሰፈር ያቀናል፤ ሰፈሩ ሲቀና ደግሞ ኪራዩ መልሶ እሱኑ ያስወጣዋል።

ይህ መንገድ ከኢትዮጵያውያኑ በፊት ሌላ ታሪክ ነበረው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጥቁር አሜሪካውያን በነጮች ቲያትር ቤትና ምግብ ቤት እንደ ሰው አይስተናገዱም ነበር። ስለዚህ የራሳቸውን ሠሩ። ሐዋርድ ቲያትር በ1910 ተከፈተ። በዙሪያው የዳንስ አዳራሾች፣ የምሽት ክበቦች፣ ሱቆችና ጋዜጣ ቤቶች በዙ። ሰፈሩን «ጥቁሩ ብሮድዌይ» አሉት። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ጊዜ በተነሣው ረብሻ ብዙው ሱቅ ተቃጠለ፤ ያልተቃጠለውም ቀስ በቀስ ተዘጋ። ሰፈሩ መልሶ ነፍስ መዝራት የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ የባቡር ጣቢያው የተከፈተውም በ1991 ነው።

በዚህ አካባቢ ካደጉት ሙዚቀኞች ሁሉ ስሙ የገነነው ዱክ ኤሊንግተን ነው። የተወለደው በ1899 በዚህችው በዋሽንግተን ነው። ፒያኖ በልጅነቱ ጀመረ። ወጣት ሳለ ግን ኑሮውን የሚገፋው በሁለት ሥራ ነበር። ቀን ማስታወቂያ ይስላል፣ ማታ ፒያኖ ይመታል። የዳንስ ግብዣ የሚያዘጋጅ ሰው ማስታወቂያ ሊያስል ሲመጣ ኤሊንግተን «ሙዚቃውን የሚጫወትላችሁ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሙዚቀኛ ገና ያልያዙ ከሆነ የራሱን ቡድን ያቀርባል። ሙዚቀኛ የሚፈልግ ሰው መጥቶም ማስታወቂያ ከሌለው እሱኑ ይስልለታል። በ1923 ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ዓለም አወቀው።

ኤሊንግተን የትልቅ ባንድ መሪ ነበር። ነገር ግን የሚመራው ዱላ ይዞ ከፊት በመቆም ብቻ አልነበረም። ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ለሳክስፎኑና ለመለከቱ መንገድ እያሳየ፣ አንዳንዴ ሁለት ድምፅ ብቻ ጣል እያደረገ ነበር የሚመራቸው። ይህ አጃቢነት የሚባለው ሙያ ነው።

አጃቢ ማለት ምን ማለት ነው?

በሠርግ ዘፈናችን አውጪና ተቀባይ አለ። አውጪው ግጥሙን ያመጣል፤ ተቀባዩ ይመልስለታል። ተቀባዩ ቀዝቃዛ ከሆነ አውጪው የፈለገውን ያህል ድምፀ መልካም ቢሆን ዘፈኑ አይነሣም። ተቀባዩ ጯሂ ከሆነም የአውጪው ቃል አይሰማም። አጃቢ ፒያኒስትም ተቀባይ ማለት ነው።

ሥራው ከዘፋኙ በፊት ይጀምራል። መግቢያውን ተጫውቶ ዘፋኙ የሚነሣበትን ድምፅ ያስይዘዋል። ዘፋኙ ሲጀምር እጁን ይቀንሳል። ሲተነፍስ ክፍተቱን ይሞላል። ዘፋኙ ቃል ቢረሳ አንድ ዙር ጨምሮ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ቀድሞ ቢገባም ተከትሎት ይገባል፤ ሰሚው ስሕተት መኖሩን ሳያውቅ ያልፋል። በጃዝ ደግሞ አጃቢው የሚጫወተው ሁሉ ተጽፎ አይሰጠውም። የኮርዶቹን ቅደም ተከተል ብቻ ይዞ፣ የቀረውን ጓደኞቹን እየሰማ እዚያው ይፈጥረዋል።

የእኛን ዘፈን ለማጀብ ሌላም ችግር አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ይዘዋል። የጃዝ ኮርድ ግን አራት አምስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይመታል። ሁለቱን ያለ ጥንቃቄ የደራረበ ሰው ቅኝቱን ይሸፍነዋል። ዘፋኙ በጉሮሮው የሚያወዛውዘው፣ የሚሰብረውና የሚያጥፈው ነገር አይሰማም። ስለዚህ የእኛ አገር ጥሩ አጃቢ ምን እንደማይመታ ጭምር ማወቅ ነበረበት።

እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ብዙም አይጠራም። በካሴቱ ሽፋን ላይ የሚታየው የዘፋኙ ፎቶግራፍ ነው። የአጃቢው ስም ከተጻፈም በትንሽ ፊደል ነው። አጃቢ ግን የሚኖረው በየማታው ሥራ ስለሆነ ልምምዱን አያቋርጥም። ይህን ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ከባንዱ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል። ንጉሠ ነገሥቱም ሽልማት ሰጥተውታል። በማግሥቱ ዓመት ኤሊንግተን ሞተ፤ ንጉሡም ከዙፋናቸው ወረዱ። እሱ ያያት አዲስ አበባ ግን በየማታው የሚጫወቱ ብዙ ባንዶች የነበሩባት ከተማ ነበረች። ከእነዚያ ባንዶች በአንዱ ውስጥ አቶ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ይጫወቱ ነበር።

ከደብረ ብርሃን እስከ ሂልተን

አቶ ኃይሉ የተወለዱት በ1946 ደብረ ብርሃን ውስጥ ነው። ልጅ ሳሉ ወደ አዲስ አበባ መጡ። የመጀመሪያ መሣሪያቸው አኮርዲዮን ነበር። አኮርዲዮን ለአጃቢነት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ቀኝ እጅ ዜማውን ይጫወታል፣ ግራ እጅ ባሱንና ኮርዱን ይይዛል፣ ወናፉ ደግሞ እንደ ሰው ሳንባ ይተነፍሳል። ድምፁ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያልቅ ያስተምራል። በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብተው ኖታ ማንበብና መጻፍን ተማሩ። ከዚያ ወጥተው በምሽት ክበቦች መጫወት ያዙ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጓደኞቻቸው ጋር በዋልያስ ባንድ ተሰባሰቡ። ስሙን የወሰዱት በስሜን ተራሮች ከሚኖረው ዋልያ ነው። ዋልያስ ለዓመታት የተጫወተው በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ነበር። ወደዚያ የሚመጣው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው፦ ነጋዴ፣ ዲፕሎማት፣ የውጭ አገር እንግዳ፣ የከተማው ወጣት። ባንዱ ለአንዱ ጃዝ፣ ለሌላው የአሜሪካ ዳንስ ሙዚቃ፣ ለሌላው ትዝታ ማቅረብ ነበረበት። በዚህ ዓይነት ቤት የሚሠራ ኪቦርድ ተጫዋች ሁሉንም ይማራል፤ ማታ ማታ ይፈተናልና።

ደርግ የሰዓት እላፊ ገደብ በጣለ ጊዜ የምሽት ክበብ ኑሮ ተለወጠ። ሰው ከገደቡ በኋላ መንገድ ላይ መገኘት አይችልም። ስለዚህ ከገባ ወዲያ እስኪነጋ አይወጣም። በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወታል። በከተማው ውስጥ ሰው የሚታሰርበትና የሚገደልበት ዘመን ነበር። በወላጆቻችን ዕድሜ ያሉ አንባቢዎቻችን ያን ጊዜ ያስታውሱታል።

በ1977 ዋልያስ «ቼ በለው» የተባለውን አልበም ሠራ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፈውበታል። በአልበሙ ውስጥ ካሉት አንዱ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። በኋላ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ብዙ ባንዶች መልሰው ተጫውተውታል። የአልበሙ ትልቅ ነገር በአብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ መሆኑ ነው። አጃቢዎቹ ያለ ዘፋኝ ወጡ። ዘፋኙ የሚቆምበትን ቦታ ኦርጋኑ ያዘ። በደንብ ላዳመጠው ሰው የአቶ ኃይሉ ኦርጋን እንደ ዘፋኝ ነው የሚጫወተው፤ ዜማውን ይስባል፣ ያቋርጣል፣ ይተነፍሳል። ዘፋኞችን ለዓመታት እያዳመጠ ያጀበ እጅ መሆኑ ይታወቃል።

የቀሩት አራት ሰዎች

በ1981 ዋልያስ ባንድ ከማህሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ሄደ። ሊያዳምጣቸው የመጣው ሕዝብ በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የወጣ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነበር። ጉብኝቱ ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። አራቱ ግን ቀሩ፦ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ።

አቶ ኃይሉ፣ አቶ ሞገስና አቶ መላከ ዙላ የተባለ ባንድ አቋቁመው ለስደተኛው ኅብረተሰብ መጫወት ጀመሩ። ነገር ግን ዋሽንግተን አዲስ አበባ አልነበረችም። በየማታው ሙሉ ባንድ የሚቀጥር ሂልተን አልነበረም። የነበሩት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ናቸው። ሙዚቃ የሚፈለገውም በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው። ለስድስት ሙዚቀኛ የሚከፈል ገንዘብ የለም። በዚያው ዘመን ደግሞ ከበሮውንም ባሱንም አንድ ላይ የያዘ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ በገበያ ላይ ዋለ። አንድ ሰው ብቻውን ሠርግ ማጫወት ቻለ። በዚህ ምክንያት ብዙ አጃቢ ሥራ አጣ።

አቶ ኃይሉ በዩ ስትሪት አጠገብ ባለው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ። ሐዋርድ በ1867 የተመሠረተ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ የትምህርት ተቋም ነው። በ1985 አንድ ካሴት ቀዱ። ከዘፋኝም ከባንድም ጋር አልነበረም። የልጅነት አኮርዲዮናቸውን አወጡ። አጀባውንም በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ራሳቸው ሠሩት። በዚያ ካሴት ላይ አቶ ኃይሉ አውጪም ተቀባይም ሆኑ። የድሮ ዜማዎችን የዘመን መሣሪያ አለበሷቸው። ካሴቱ «ሸሞንሟናዬ» በሚለው ዜማ ይታወቃል። በኢትዮጵያውያን ሱቆች ተሸጠ፣ ወደ ኢትዮጵያም ገባ፤ ከዚያ ጊዜው አለፈና ተረሳ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አቶ ኃይሉ መድረክ ላይ መጫወቱን ተዉ።

በደለስ ሜዳ ተራ ሲጠበቅ

አሁን ከከተማው ወጥተን ወደ ምዕራብ እንሂድ። ደለስ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ከዋሽንግተን መሐል 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሚገኘውም በቨርጂኒያ ግዛት ነው። የተከፈተው በ1962 ነው። ትልቁ ሕንፃ ጣሪያው እንደ ተወጠረ ሸራ ወደ ላይ የታጠፈ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚያርፈው በዚሁ ነው። ስለዚህ ብዙ ኢትዮጵያዊ አሜሪካን መጀመሪያ የረገጠው እዚህ ነው። ከበሩ ወጥቶ ታክሲ ሲይዝም ሾፌሩ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጣህ» ሊለው ይችላል፤ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ፣ እኛ ሞኒት የምንለውን፣ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙ ናቸውና።

የታክሲ ሥራ የሚመስለው መንዳት ነው። በአየር ማረፊያ ግን አብዛኛው ሥራ መጠበቅ ነው። መኪኖቹ ተራ ይይዛሉ፤ ተራው እስኪደርስ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ አንዱ ስለ አገር ፖለቲካ ይከራከራል።

አቶ ኃይሉ መርጊያ ለብዙ ዓመታት በዚህ አየር ማረፊያ ታክሲ ነድተዋል። በመኪናው ሻንጣ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ነበራቸው። ተራ ሲጠብቁ ያወጡታል። ከኋላው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ይጫወታሉ፣ አዲስ ዜማ ይሞክራሉ። ተራቸው ሲደርስ ኪቦርዱን ወደ ሻንጣው ይመልሱና መንገደኛቸውን ይጭናሉ። ይህን የሰማነው እንደ ተረት አይደለም። እሳቸው ራሳቸው ለጋዜጠኞች ደጋግመው የተናገሩት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያ ወንበር ላይ ለእኚህ ሰው ያጨበጨበላቸው አልነበረም። የሚከፍላቸውም፣ የሚጠብቃቸው መድረክም አልነበረም። ከጎናቸው ባለው መኪና ውስጥ የተኛው ሾፌርም ከሂልተን አዳራሽ የወጣ ሰው ጎረቤቱ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ታክሲ መንዳቱም ለእሳቸው ውርደት አልነበረም። ቤት የሚተዳደርበት የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ታክሲው ሙያቸውን አልተካላቸውም። ሁለቱም በአንድ መኪና ውስጥ አብረው ኖሩ።

ባሕር ዳር የተገኘችው ካሴት

ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካን የድሮ ካሴቶች እየፈለገ ይሰበስባል። አሳታሚ ድርጅትም አለው። ይህ ሰው ኢትዮጵያ ሄዶ ሳለ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የ1985ቱን ካሴት አገኘ። ሰምቶ ወደደው፤ ባለቤቱን ፈልጎም ስልክ ደወለ። አቶ ኃይሉ በ2013 ካሴቱ እንደገና እንዲወጣ ፈቀዱ። ካሴቱ ከተቀዳ 28 ዓመት፣ እሳቸው አሜሪካ ከቀሩ ደግሞ 32 ዓመት ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ የኮንሰርት ጥሪ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መጣ። እንግዲህ ጥሪው ሲመጣ እጅ ዝግጁ መሆን ነበረበት። ከሃያ ዓመት በላይ መድረክ ያልረገጠ ሰው ጣቱ ቢታሰር ማን ይፈርድበታል? የእሳቸው ግን አልታሰረም። ከባስና ከድራም ተጫዋች ጋር ሆነው በሦስት ሰው ቡድን ዞሩ። «ቼ በለው» በ2014 ታትሞ ወጣ። ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠሩት «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ2016 ወጣ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ። ያኔ ዕድሜያቸው ሰባ አልፎ ነበር። በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ተከተለ። ይህ ሁሉ ከጀመረ በኋላም ታክሲውን ወዲያው አልተዉትም። ኮንሰርት ሄደው ይመጡ፣ ሲመለሱም ይነዱ ነበር።

ሌሎቹስ?

ከእሳቸው ጋር የቀሩት አቶ ግርማ በየነ ፒያኒስት፣ ዘፋኝና የብዙ ዘፈኖች አቀናባሪ ነበሩ። አቀናባሪ ማለት ዘፈኑን ለባንዱ የሚያከፋፍል፣ መለከቱ የት እንደሚገባና ፒያኖው የት ዝም እንደሚል የሚወስን ሰው ነው። እሳቸውም በዋሽንግተን ከሙዚቃው ለብዙ ዓመታት ራቁ፤ ነዳጅ ማደያም ሠርተዋል። ቆይተው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጡ። የእሳቸው መንገድ ከአቶ ኃይሉ የከበደ ነበር፤ ዝምታው የረዘመ ነበር።

በዚያችው በዋሽንግተን የተወለደች ሸርሊ ሆርን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊትም ነበረች። በ1934 ተወልዳ በ2005 አርፋለች። ፒያኖ እየተጫወተች ራሷን በራሷ አጅባ ትዘፍን ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስሟ ሲወጣ ኒው ዮርክ ሄዳ መኖር ትችል ነበር። እሷ ግን ልጇን ለማሳደግ በከተማዋ ቀረች። ለብዙ ዓመታት የምትጫወተው በአብዛኛው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ነበር። ዓለም እንደገና ያያት ልጇ ካደገች በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1999 ግራሚ የተባለውን ትልቅ ሽልማት ወሰደች። ከዚህ እንደምናየው ሙያን ወደ ጎን አቆይቶ ቤተሰብን ማስቀደም የስደተኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። አገር ያላትም እናት ታደርገዋለች።

በእስራኤልም ምሳሌ አለን። ሳክስፎን ተጫዋቹ አባተ በሪሁን ወደ እስራኤል የመጣው በ1999 ነው። እዚህ ከፒያኒስቱ ከይስሐቅ የዲድ ጋር ተጣምሮ «ራስ ዳሽን» የተባለውን የሁለት ሰው ቡድን መሠረተ። አንዱ ከኢትዮጵያ ቅኝት፣ ሌላው ከአይሁድ ዜማና ከምዕራብ ሙዚቃ የመጡ ናቸው። በመካከላቸው የሚሆነው ከላይ የተናገርነው ነገር ነው፦ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ሰምቶ ይቀበላል።

ሙያን ስለ ማቆየት

አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «ጥሩ ዕድል ነው፤ ስልክ ተደወለላቸው» ይላል። እውነት ነው። ካሴቱ ባሕር ዳር ውስጥ ባይገኝ ስልኩ ላይደወል ይችል ነበር። በዋሽንግተንና በሌላ ከተማ ስልክ ያልተደወለላቸው ብዙ ሙዚቀኞች አሉ። እኛም ለአንባቢዎቻችን «ታገሡ፣ አንድ ቀን ትጠራላችሁ» ብለን ቃል ልንገባ አንችልም።

የምንለው ሌላ ነው። ስልኩ ባይደወልም አቶ ኃይሉ በዚያ መኪና ውስጥ ሙዚቀኛ ነበሩ። ሰው የሚሠራው ሥራና ሰው የሚችለው ሙያ ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። ሙያው እንዳይሞት የሚያደርገው ግን ትልቅ ነገር አይደለም። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ መሣሪያና በየቀኑ የምትገኝ ትንሽ ጊዜ ናት። ቤታችሁ ውስጥ ጥጥ የሚፈትሉ እናት፣ ሸክላ የሚሠሩ አክስት፣ ብረት የሚቀጠቅጡ አባት፣ ማሲንቆ ወይም ክራር የሚመቱ አጎት ካሉ ይህ ነገር ለእነሱም ነው። መሣሪያቸውን ከአልጋ ሥር አውጡት። በሰፈራችሁ ማትናስ አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ሰዓት እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ልጆችም ተቀምጠው ይዩአቸው።

ልጆች ዕብራይስጡን ከእኛ ቀድመው ይናገራሉ፣ መሥሪያ ቤትም ያስተረጉሙልናል። በዚህ ጊዜ ወላጅ በቤቱ ውስጥ የማያውቅ ሰው መስሎ እንዳይታይ ያሰጋል። እጁ የሚያውቀውን ሥራ ልጁ ሲያየው ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ «አባትህ ሥራው ምንድን ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ ሁለት መልስ ይኑረው፦ ዛሬ የሚሠራውን፣ ደግሞም የሚችለውን።

ወደ ዋሽንግተን የምትሄዱ ካላችሁ ዩ ስትሪትን እዩ፤ ዘጠነኛው መንገድ ላይም ቡና ጠጡ። ከደለስ ወደ ከተማ በታክሲ ስትገቡም ከሾፌሩ ጋር ተጨዋወቱ። ስለ መንገዱና ስለ አየሩ ከጠየቃችሁት በኋላ፣ በአገሩ ምን ይሠራ እንደነበረም ጠይቁት፤ አሁንም ይሠራው እንደሆነ ጨምራችሁ ጠይቁት።